ባለቤቴን ለመጠየቅ

ባለቤቴ ወደ እንግሊዝ አገር የሄደችው በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ነው። እኔ ያኔ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግብረ ገብና አማርኛ አስተምር ነበር። እሑድና በበዓላት ቀን ደግሞ በደብራችን በዲቁና አገለግላለሁ። እሷ እዚያው በከተማችን ተምራ ነርስ ሆናለች። አለቆቿ ጉብዝናዋን አይተው «ሁለት ዓመት አዋላጅነት ተምረሽ ተመለሽ» ብለው ሲመርጧት፣ ሰው እሷን «እንኳን ደስ ያለሽ» እያለ እኔን እንደ ሐዘንተኛ ያየኝ ጀመር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዲያቆን በቁርባን የሚያገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሚስቱ ብትሞትም፣ ሄዳ ብትቀርም፣ ሌላ ካገባ ክህነቱ አበቃ። አውሮፕላኑ ላይ የምትወጣው እሷ ብትሆንም የሚያሰጋው የእኔ ነገር ነበር።

«ምነው ልጄ?» አለችኝ አንድ ቀን ከእኛው ግቢ የምትኖረው አክስቴ፣ የአባቴ እኅት። «ገና በዚህ ዕድሜህ መነኩሴ ልትሆን ነው? እንቢ በላት እንጂ።»

«ትምህርት እኮ ነው አክስቴ።»

«ትምህርቱማ ሸጋ ነው። ባሕሩ ነው እንጂ።»

አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። እኔም ዜማን ከእሳቸው እግር ሥር ስለተማርሁ፣ እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች «የኔታ» እንጂ «አባዬ» ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። ጉዳዩን ስነግራቸው፣ «ለትምህርት የወጣ ሰው አይያዝም» አሉ። «እኔስ ከእናቴ ቤት ስወጣ ማን ያዘኝ?»

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋት። ነጠላዋን በካፖርቷ ላይ ደርባ ነበር። በሰው ፊት መሳሳም ስላልተለመደ እጅ ለእጅ ተጨባብጠን፣ ጎንበስ ብለን ተሰናበትን። «ይጻፉልኝ» አለችኝ። ያኔ አንቱ ነበር የምትለኝ፤ የካህናት ቤት ልጅ ናትና እናቷም አባቷን እንዲያ ነበር የሚጠሯቸው። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ሜዳው ላይ የቀረነው እኔና ላሞቹን ከማኮብኮቢያው የሚያባርረው ዘበኛ ብቻ ነበርን።

ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ያለ ሁለት ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ከመክፈቴ በፊት ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። መምጣቴን እንድታውቅ የማደርገው ልማድ ነበር፤ ከሄደች በኋላም አልተወኝም። ጠርጌ፣ ከፍቼ፣ ጠዋት የተውሁትን ሁሉ ጠዋት እንደተውሁት አገኘዋለሁ። እሷ እያለች ማታ ማታ ስለ ወለዱት ሴቶች ትነግረኝ ነበር፤ ማን በሰላም ተገላገለች፣ ማን ምጥ ጠናባት፣ የማን ባል ልጁ ሴት ሆነችብኝ ብሎ አኮረፈ። እኔም ስለ ተማሪዎቼ እነግራታለሁ። አሁን በቀን ያየሁት ነገር የምነግረው አጥቶ ውስጤ ይውላል፤ ወደ ማታው ላይ ይረሳኛል።

እራቴን አክስቴ ዘንድ እበላለሁ። ስጎርስ ዐይኔን እያየች «ከሳህ» ትለኛለች። ጥር ሲገባ ሠርጉ ይበዛል፤ ጥሪውን እንቢ ማለት ነውር ነው። እሄዳለሁ። ባለትዳሮች ከሚቀመጡበት ከዳሱ ወገን ልሄድ ስል አስተናጋጁ እጄን ይዞ ከሽማግሌዎቹና ከመነኮሳቱ ጋር ያስቀምጠኛል። በክፋት አልነበረም። የት እንደሚያስቀምጠኝ ግራ ቢገባው ነው።

ደብዳቤዋ በቀጭን ሰማያዊ ወረቀት ይመጣ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ ወርጄ ፖስታ ቤት እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ላይ ስለ ብርዱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ነርሶቹ ማደሪያ በሰፊው ትጽፋለች። ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል የመጣው ደብዳቤ ግን አጭር ነበር። ትምህርቱ በአንድ ዓመት ተራዝሟል። መጨረሻው ላይ፣ «ለጉብኝት የሚሰጥ ቪዛ አለ ይላሉ። በክረምቱ ዕረፍትዎ ለምን አይመጡም?» ብላለች።

ያን ቀን ከፒያሳ ወደ ቤት የወጣሁት እየሮጥሁ ነው ለማለት ይቻላል። የኔታ በተማሪዎቹ መካከል ተቀምጠው ነበር፤ ትንፋሼን ሰምተው ቀና አሉ። ነገርኋቸው። «ሂድ፣ ጠይቃት» አሉ። ቪዛውን ሳይሆን እሷን ማለታቸው ነው።

ፓስፖርት ለማውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀ። ፎቶ ለመነሣት የራስ ጥምጣሜን አውልቅ ተባልሁ፤ ዛሬም ያን ፎቶ ሳየው ሌላ ሰው ይመስለኛል። ከዚያም መጋባታችንን የሚያስረዳ ወረቀት ያስፈልጋል አሉኝ። ወረቀት አልነበረንም። የተጋባነው በቁርባን ነው፤ ያየነው ሥጋ ወደሙን ነው እንጂ ማኅተም አላየንም። የደብሩ አለቃ ጉዳዩን ሰምተው በጣም ተገረሙ።

«ቆረብሁ ማለትህ አይበቃቸውም?» አሉኝ።

«አይበቃቸውም አሉ፣ አለቃ።»

በመጨረሻ ወረቀት ዘርግተው በስመ ሥላሴ ጀምረው፣ ከግእዙም ከአማርኛውም እየቀላቀሉ፣ በዕለተ ሰንበት በማኅበረ ካህናት ፊት እንዴት እንደቆረብን ተርከው ጻፉልኝ። በደብሩ ማኅተምም አተሙበት። ያን ወረቀት በቦርሳዬ ይዤ ቪዛው ወደሚሰጥበት ወደ አስመራ ተነሣሁ።

ማኪናው ገና ጎሕ ሲቀድ ከጎንደር ወጣ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ የድብ ባሕር ገበሬ ነበሩ፤ ጋቢያቸውን እስከ ዐይናቸው ተከናንበዋል። ደባርቅን አልፈን ሊማሊሞን መውረድ ስንጀምር፣ ወደ ገደሉ ላለማየት ይመስለኛል፣ ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው ወሬ ጀመሩ።

«ወዴት ነው መንገዱ?»

«አስመራ ነው፣ አያ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ቪዛ ልጠይቅ ነው።»

ሰውዬው ፊታቸው በሐዘኔታ ተለወጠ። «ምነው፣ ታሟል እንዴ? ዘመድህ ነው?»

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ከገባኝ በኋላ ሳልስቅ ለመመለስ ተቸገርሁ። «የለም አያ፣ ቪዛ ሰው አይደለም። ፈቃድ ነው። ባለቤቴ ባሕር ማዶ ናት፤ እሷ ዘንድ ለመሄድ የዚያ አገር ሰዎች መፍቀድ አለባቸው።»

«ሚስትህ ዘንድ ለመሄድ?»

«አዎ።»

«ሚስትህ ዘንድ?» አሉ ደግመው። ከዚያ ወዲያ እስከ ድብ ባሕር ድረስ ገደሉን ማየት መረጡ። ሲወርዱ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ ወንድሜ» አሉኝ። መንገዱን ሁሉ አፍኜ የያዝሁት ሳቅ እዚያ ላይ ጠፋ። ባለቤቴ ከሄደች ጀምሮ «አይዞህ» ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ያስተዋልሁት ያኔ ነው።

አስመራ ላይ በእንግሊዝ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት በር አግዳሚ ወንበር አለ። ጠዋቱን እዚያ ስጠብቅ ቆይቼ ተጠራሁ። ቪዛ የሚሰጠው ሹም ፀጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አጠገቡ አማርኛውን በትግርኛ ቅላጼ የሚናገር አስተርጓሚ ተቀምጧል። የአለቃውን ወረቀት ሰጠሁት። አስተርጓሚው አነበበ፣ ገለበጠ፣ እንደገና አነበበ።

«ይህን ሁሉ ልተርጉምለት?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ምኑን ትተዋለህ?»

«‹ተጋብተዋል› ብለው ይበቃዋል።»

አንድ ቃል ተናገረ፤ ሹሙም ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ የጉዞዬን ምክንያት ጠየቀኝ።

«ባለቤቴን ልጠይቅ ነው።»

«የጎብኚ ቪዛ ነው የምትፈልገው» አለ አስተርጓሚው። «ጎብኚ ነኝ በል።»

ጎብኚ ስባል የታዩኝ ጎንደር ግንቡን ሊያዩ የሚመጡ፣ ካሜራ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ፈረንጆች ናቸው። ከነሱ ጋር ራሴን ማስተያየት አልቻልሁም። ቢሆንም «እሺ፣ ጎብኚ ነኝ» አልሁ።

ሹሙ ልጆች እንዳሉኝ ጠየቀ፤ የሉኝም። ርስት ጠየቀ፤ ያለነው በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ነው። ስለ ሥራዬ ጠየቀ፤ የትምህርት ቤቱን ወረቀት አሳየሁት። ከዚያ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዘወር አለ።

«ሚስትህ ‹አትመለስ፣ እዚሁ አብረን እንኑር› ብትልህ ምን ታደርጋለህ? ይልሃል።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። እያሰብሁ ሳለሁ አስተርጓሚው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ነው ለማለት ይቻላል፣ «እመለሳለሁ በል» አለኝ።

ማለት እችል ነበር። ግን ሹሙ ከልቡ ነው የጠየቀኝ፤ እኔም ከልቤ ፈለግሁት መልሱን። ያን ሁለት ዓመት አሰብሁ፤ ባዶ በር ላይ ጉሮሮዬን የጠረግሁትን አሰብሁ። እሷ ተቀመጥ ብትለኝ ተነሥቼ መሄድ መቻሌን አላወቅሁም።

«አላውቅም» አልሁ።

አስተርጓሚው ተረጎመ። ሹሙም ወረቀቶቼን ሰብስቦ፣ በጥንቃቄ አስተካክሎ መለሰልኝ። ፈቃዱ እንደማይሰጠኝ ሲነግረኝ ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። በር ድረስ ተነሥቶ ሸኘኝ።

ለባለቤቴ የሆነውን እንደሆነው ጻፍሁላት። መልሷ ሲመጣ በቁጣ የተሞላ ነበር። «ለምን ‹እመለሳለሁ› አላሉም?» ትላለች። «አንድ ቃል ነበር እኮ። እኔ ለባልደረቦቼ ሁሉ ባሌ ሊመጣ ነው ብዬ አውርቼ ነበር። አሁን ምን ልበላቸው?» ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። ክረምቱ ገባ። ያ ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ የአንገረብ ወንዝ እስከ ቤታችን ድረስ ሲያጓራ ይሰማ ነበር።

በዚያው ዓመት የኔታ ዐይናቸው ደከመ። ሐኪሞቹ ዘግይቷል አሉ። መጀመሪያ ፊደሉን መለየት አቃታቸው፤ ኋላም ፊት ለፊታቸው የቆመው ማን እንደሆነ በድምፁ ካልሆነ አያውቁም። ድጓውን በቃላቸው ይዘውታል፤ ግን ተማሪው መጽሐፉን ዘርግቶ ሲያዜም የዜማ ምልክቱን የሚያይላቸው ሰው ያስፈልጋል። አንድ ጠዋት ጠሩኝ።

«ከጎኔ ተቀመጥ» አሉኝ። «አንተ እይ፤ እኔ እሰማለሁ።»

ተቀመጥሁ። ከትምህርት ቤት በፊት ጠዋት፣ ከትምህርት ቤት በኋላ እስኪመሽ ድረስ ከጎናቸው ሆንሁ። የካቲት ላይ ታመው አልጋ ሲይዙ ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ብቻዬን አስተማርሁ። ተማሪዎቹ ከጎጃምም ከላስታም በእግራቸው የመጡ፣ በየጎጆአቸው የሚኖሩ ናቸው። አንዱ በስሕተት «የኔታ» ብሎ ጠራኝና ሁላችንም ደነገጥን። በሚቀጥለው ቀን ሌላው ጠራኝ፤ ያን ቀን የደነገጠ የለም።

ታዲያ አንድ ሰኞ ላይ፣ ቅዳሜ ፖስታ ቤት አለመሄዴ ትዝ አለኝ። ረስቼዋለሁ። ከሄደች ወዲህ እንዲያ ሆኖ አያውቅም። ተነሥቼ ሄድሁ፤ ደብዳቤ አልነበረም። ደብዳቤው ባለመኖሩ ሳይሆን በመርሳቴ ልቤ ፈራ።

በዓመቱ እንደገና ጻፈችልኝ። ትምህርቷን ልትጨርስ ነው፤ ሐኪም ቤቱ ግን እዚያው ሆነሽ ሥሪ ብሏታል። «እባክዎ ዘንድሮ እንኳ ይምጡ» ትላለች። አሁንም ሊማሊሞን ወረድሁ። ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው ሹም፣ ያው አስተርጓሚ። አስተርጓሚው አውቆኝ በዐይኑ ሰላም አለኝ። ጥያቄው በመጣ ጊዜ ሳላመነታ መለስሁ።

«እመለሳለሁ።»

«ብትለምንህስ?»

«አባቴ ዐይነ ስውር ናቸው፤ የሚማሩ ልጆች አሉ። እመለሳለሁ።»

ሹሙ ጻፈ፣ አተመ። አስተርጓሚው እስከ ውጭው በር አብሮኝ መጥቶ፣ «ዘንድሮ በረታህ» አለኝ እየሳቀ። ዋሸህ ማለቱ ይመስለኛል። እኔ ግን አልዋሸሁም። ዘንባባ ከተተከለበት ሰፊ መንገድ ዳር አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ፓስፖርቴን ገልጬ ማኅተሙን አየሁት። ይኸን ያህል የጓጓሁለት ነገር በእጄ ነው። ደስታው ይመጣል ብዬ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

እንግሊዝ አገር ስደርስ ጣቢያው ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ነጠላ አልለበሰችም፤ ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ከሕዝቡ መካከል እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ከሳህ!» አለችኝ። ከሳህ። በአንተ። ሻንጣዬን አነሣሁ። በሁለተኛው ቀን ለመድሁት፤ በሦስተኛው ደስ አለኝ።

ነርሶቹ ማደሪያ ወንድ አይገባም። ስለዚህ ከሐኪም ቤቱ አቅራቢያ አንዲት ባልቴት ዘንድ ክፍል ተከራይታልኝ ነበር። ባለቤቴ አንዳንድ ሳምንት ሌሊት ትሠራለች፤ ቀን ትተኛለች። ስትነሣ መጥታ ሁለት ሦስት ሰዓት አብራኝ ትቆይና ደግሞ ትሄዳለች። እኔ እስክትመጣ ብቻዬን እዞራለሁ። መናፈሻ ውስጥ እቀመጣለሁ። የቆዩ ግንቦች አሉ ሲሉኝ ሄጄ አየሁ። ማታ ፀሐይዋ አልጠልቅ እያለች የሠርክ ጸሎት መቼ እንደማደርስ ግራ ገባኝ። ፍልሰታም እዚያው ያዘኝ። አንድ ቀን ክፍሌ ውስጥ ውዳሴ ማርያም በዜማ ስደግም ባልቴቷ በሩን አንኳኩታ በድንጋጤ አየችኝ። የታመምሁ፣ የማቃስት መስሏት ነው። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ደኅና ነኝ ለማለት ሞከርሁ። ከዚያ ወዲያ በልቤ ብቻ ጸለይሁ።

ጎንደር ሳለሁ ብቸኝነቴ ከእሷ መራቅ ነው ብዬ አስብ ነበር። እዚያ ግን እሷ ከሦስት ቤት በኋላ ተኝታ፣ እኔ መስኮት ዳር ተቀምጬ መንገዱን ሳይ ያው ስሜት መጣብኝ። በሥራ ልብሷ ሆና ከባልደረቦቿ ጋር ስትሳሳቅ አይቻታለሁ። በቋንቋቸው ትቀልዳለች፤ እሷ ስትቀልድ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከመካከላቸው አንዷ አንድ ነገር ጠይቃኝ ባለቤቴ ስትተረጉምልኝ፣ አስመራ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጥሁ መሰለኝ።

ልመለስ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ ዕረፍት አግኝታ ክፍሌ መጣች። ዝናብ ይዘንብ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እርጥብ ጫማዋን እያወለቀች ተናገረች።

«እዚሁ ብንኖርስ?»

«የኔታስ?»

«አውቃለሁ» አለች። «ቆንስላው ዘንድሮም ያን ጥያቄ ጠየቀህ?»

«ጠየቀኝ።»

«ምን አልኸው?»

«እመለሳለሁ አልሁት።»

«ዋሽተህ ነው አይደል?»

«አይደለም። እውነቴን ነው።»

ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ወደ መስኮቱ ዞረች። «አምና ያን የቁጣ ደብዳቤ ጻፍሁልህ» አለች። «ግን ‹አላውቅም› ማለትህን ሳነብ ብቻዬን አለቀስሁ። እንዲያ ያለ ነገር በአፍህ ነግረኸኝ አታውቅም። ደብዳቤውን እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።»

ያምናው ሰው ዛሬም አለ ልላት ፈለግሁ፤ እውነት መሆኑን ግን እርግጠኛ አልነበርሁም። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ። እንዲያው ጎን ለጎን ሆነን ዝናቡን አየን። ለሥራ ስትነሣ ጫማዋ ገና አልደረቀም ነበር።

ፈቃዴ ሲያልቅ ተመለስሁ። የኔታ እጄን ይዘው «ደኅና ናት?» አሉኝ፤ «ደኅና ናት» አልሁ። አክስቴ ብዙ ጠየቀችኝ፤ ስለ አውሮፕላኑና ስለ ባልቴቷ ብቻ ነገርኋት። ሰው ሁሉ ትመጣ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን ያነብ ነበር። እኔም አላውቅም ነበር። ያ ዓመት ካሳለፍሁት ሁሉ ረዘመብኝ፤ አሁን የምጠይቀው ቪዛ የለኝምና።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ካለፈ በኋላ መጣች። መምጣቷን የነገረችኝ በአጭር ቴሌግራም ነው። ለምን እንደተመለሰች ጠይቄአት አላውቅም፤ እሷም አልነገረችኝም። ከተማችን ሐኪም ቤት ገብታ ብዙ ሴቶችን አዋልዳለች፤ እኔም ኋላ ቅስና ተቀበልሁ፤ ሁለት ልጆች አፍርተናል።

የመጣች ዕለት ግን ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠይቃት ውሎ ሲመሽ ሄደ። የኔታ መርቀዋት ተኙ። አክስቴም ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች። ብቻችንን ቀረን። እኔ በርጩማ ላይ፣ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ። ቤቱ እየጨለመ ነበር። ተነሥታ እጇን በመደርደሪያው ላይ ስታንቀሳቅስ አየሁ፤ አንድ ነገር ትፈልጋለች።

«ክብሪቱ የት ነው?» አለችኝ በገዛ ቤቷ።

«መስኮቱ ደፍ ላይ ነው» አልኋት። አገኘችውና ፋኖሱን አበራች።